ይሙት

ሀብተሥላሴ ይገዙን የሰደበው በ1925 ዓ.ም. የዳግማዊ ትንሣኤ ማግሥት ሰኞ ጧት፣ አራዳ፣ የከተማው ዘበኛ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ይገዙ ሌሊቱን ሲያሳድድ አድሮ የያዘውን የበቅሎ ሌባ በገመድ አስሮ፣ የጻፈውን ቃል በእጁ ይዞ ቀረበ። ጸሐፊው ሀብተሥላሴ ወረቀቱን አየ፣ ገለበጠው፣ ደግሞ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ዘበኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንተ እንኳን ሌባ፣ ብዕር መያዝ አታውቅም!» አለው። ዘበኛው ሳቀ። የታሰረው ሌባም ሳቀ። ይገዙን ያቃጠለው የሌባው ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ አገር ተገለበጠ። ጣሊያን ገባ፣ የአራዳ ዘበኛ ተበተነ። ሀብተሥላሴ ብዕሩን ጥሎ ኮልፌ ያለችው መሬቱ ላይ ከተተ። ይገዙ ደግሞ የሚበላው ሲያጣ የጣሊያንን ቀይ መቀነት ታጥቆ በኮልፌ ካራቢኔሪ ጣቢያ የሐበሻ ፖሊሶች አለቃ፣ በነሱ አጠራር ቡልቅባሺ፣ ሆነ። ሁሉ ነገር ተገለበጠ፤ ያቺ ሰኞ ብቻ እንደቆመች ቀረች።

የጣቢያው አሠራር ለመናገር አያስቸግርም። ከላይ ማሬሻሎ ፌራንቲ አለ። ከሱ ሥር ሁለት ነጭ ካራቢኔሪዎች፣ ከነሱ ሥር ቱርጁማኑ ወልደጊዮርጊስ፣ ከሁሉም በታች ይገዙና ጓደኞቹ። በዘበኛው ጊዜ በግ የጠፋበት፣ ባሏ የደበደባት፣ ጎረቤቱ ድንበር የገፋበት ሰው «ኧረ ዘበኛ!» ብሎ ይጮህ ነበር። አሁን የሚጮህ የለም። አሁን ጣቢያው ነው ሰውን የሚጠራው፤ የተጠራ ሰው ደግሞ እንደሄደ በእግሩ አይመለስም።

በነሐሴ 1930፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ቅጠል ለቃሚ ሴቶች ከገበያው በታች ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ሬሳ አገኙ። ራቁቱን የተጣለ የወንድ ሬሳ ነው። ራስ የለውም። አንገቱ በአንድ ምት አልተቆረጠም፤ እንደ እንጨት ተፈልጧል። ዝናቡ ደሙን አጥቦ ሥጋውን እንደ ሰም አንጥቶታል።

ለሬሳው የሚቀርበው የሀብተሥላሴ ቤት ነበር። ማሬሻሎው ግቢውን አስበረበረ፤ ከጎተራው ሥር ደም የደረቀበት መጥረቢያ ተገኘ። ለጣሊያን ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ አለ?

ይገዙ ከዙረት ተመልሶ ጣቢያው ሲደርስ ሀብተሥላሴ ግቢው መካከል ካለው ግንድ ጋር ታስሮ በጉማሬ አለንጋ ሲገረፍ አገኘው። ሸሚዙ ከጀርባው ሥጋ ጋር ተጣብቆ የትኛው ጨርቅ፣ የትኛው ቆዳ እንደሆነ አይለይም።

«የሞተው ማነው?» ይላል ቱርጁማኑ ከማሬሻሎው አፍ እየተቀበለ።

«አላውቅም።»

«የመጥረቢያው ደም የማነው?»

ሀብተሥላሴ ዝም። አለንጋው ያርፋል። አሁንም ዝም። «አላውቅም» እንኳ አይልም። አንድ ጊዜ ቀና ሲል ከይገዙ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«አንተም እዚህ ነህ?» አለው ባበጠ ከንፈሩ። ሰው እየተገረፈ እንዴት ይንቃል? ይኸኛው ይንቅ ነበር።

«ይሙት» አለ ይገዙ በልቡ።

ማሬሻሎው እጁን በመሐረብ እየጠረገ ተናገረ። ወልደጊዮርጊስ ተረጎመው፤ «ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ይሰቀላል። ሟቹ ሰሞኑን የጠፋው ወታደራችን ሳይሆን አይቀርም ብሏል። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ መጥቶ ሬሳውን ይይ፣ ያወቀ ይናገር።»

የሰፈሩ ወንድ ተለቅሞ መጣ። ሬሳው በረንዳው ላይ ቆርበት ለብሶ ተጋድሟል። እያንዳንዱ ይቀርባል፣ ይገዙ ቆርበቱን ይገልጣል፣ ሰውየው አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ያያል፣ ይምላል፣ ያልፋል።

«ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አላውቀውም» አለ ሸማኔው ተክለሃይማኖት።

«ይምላል» አለ ቱርጁማኑ በጣሊያንኛ።

«ልጄ ትሙት፣ አይቼው አላውቅም» አለ ሌላው።

«ይምላል።»

«ኧረ ራስ የሌለውን ሰው በምኑ ልለየው? ምናልባት እኔ ነኝ እንዴ?» አለ አንድ ሽማግሌ፤ ለዚህች ቀልድ ጥፊ ቀመሰ።

«የታላቅ ወንድሜ አጥንት ይውጋኝ፣ አላውቀውም» አለ እንጨት ፈላጩ በዛብህ።

«ይምላል» አለ ቱርጁማኑ፤ በዛብህም አለፈ።

ይገዙ ቆርበቱን ሲገልጥና ሲያለብስ የሬሳው መዳፎች ላይ ዓይኑ አረፈ። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣቱ በሁለቱም እጆች የሄደ ጠንካራ ጠባሳ አለ። ወታደር እንዲህ ያለ እጅ የለውም። ይህን የሚሠራው የጭነት ገመድ ነው፤ በቅሎ ስትጭን ኖረህ፣ ገመዱን በእግርህ ደግፈህ ስትስብ ኖረህ ነው እንዲህ የሚሆነው። አየ፣ አልተናገረም። ለማን ብሎ? ይሙት ያለው ሰው ሊሞት ነው።

በማግሥቱ የጠፋው ወታደር ጠጅ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ጫማውን በጠጅ ለውጦ፣ እያንኮራፋ ተገኘ። ማሬሻሎው እሱንም አስገረፈው። «ሬሳው የኛ ሰው ካልሆነ የማንም ይሁን» አለ። «የሚሰቀለው ሰው አለን፤ ያ ይበቃል።»

ይገዙን የቆረቆረው ይኼ ነው። መጥረቢያውን ከጥግ አንስቶ ወደ ብርሃን አወጣው። ከዛቢያው ጋር በሚገናኝበት ላይ የደረቀው ደም ውስጥ ነጭ ጠጉር ተለጥፏል። ጠቅልሎ አሻሸው። የሰው ጠጉር እንዲህ አይለሰልስም።

ተቀመጠና አሰበ። ሀብተሥላሴ በዚህ ሬሳ ቢሰቀል ደስ ይለው ነበር፣ እሱን አይክድም። ግን በሐሰት ቢሰቀል፣ እውነተኛው ገዳይ ገበያ መካከል ቆሞ ያያል። ምናልባት ይስቃል። ያኔ ያቺ የሰኞዋ ስድብ እውነት ሆና ትቀራለች፤ ይገዙ ሌባ መያዝ አያውቅም። ሰዳቢው ስድቡን እውነት አድርጎ ሊሞት ነው። ይገዙ ተነሥቶ ወጣ።

የሀብተሥላሴ ሚስት ካሳነሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ ከጀርባዋ ተኮልኩለዋል። ገና ቀይ መቀነቱን ስታይ ተነሣች።

«ደግሞ ምን ቀረ? እሱን ወሰዳችሁ፣ መጥረቢያውን ወሰዳችሁ።»

«የበጉ ቆዳ ቀርቷል፣ ወይዘሮ ካሳነሽ።»

«የምን በግ? ፍልሰታ እኮ ነው! እኛ ክርስቲያን አይደለንም?»

«እኔም የምጠይቅዎ ይህንኑ ነው።»

ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገባች። ይገዙ በዱላው የአመዱን ቁልል ወጋ ወጋ አደረገ። ጠረኑ ቀድሞ ወጣ፤ ከዚያ እርጥብ የበግ ለምድ ብቅ አለ።

«ማን አረደው?»

«እሱ ነው» አለች ድምፅዋ ጠፍቶ።

«ለማን?»

«ለእንግዳ።»

«በፍልሰታ የሚገድፍ እንግዳ ምን ዓይነት ነው?»

ካሳነሽ ወደ ሰሜን፣ ደመና ወደ ሸፈነው ተራራ ተመለከተች፤ ከዚያ እግሩ ላይ ወደቀች። «ከዱር የወረዱ ናቸው። ሣር ሲበሉ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው፣ ቄሱም ጾሙን ፍቱ ብሏቸዋል። እባክዎ ወንድሜ፣ በማርያም! በነፍስ ግድያ ቢሰቅሉት የሚሞተው እሱ ነው። ይህን ከሰሙ ግን ቤቱን ከነልጆቹ ነው የሚያነዱት። ለዚህ ብሎ ነው እንደዚያ ሲገርፉት ዝም ያለው።»

ይገዙ ቆመ። ከዚህ እስከ ጣቢያው ሩቅ አይደለም። አንድ ቃል ይበቃዋል። ለዚያች አንዲት ቃል ሽልማትም አለ፣ ሹመትም አለ።

ለምዱን በእግሩ ወደ አመዱ መለሰው። «ጥልቅ አድርገው ይቅበሩት። ውሻ ያወጣዋል» አላትና ሄደ።

ኮልፌ ውስጥ በቅሎ ጭነው የሚነግዱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ቤታቸው ተገኙ፤ ራሳቸው በአንገታቸው ላይ ነው። ሦስተኛው ጉልላት ይባላል። ይገዙ ቤቱ ሲሄድ ሚስቱ አልማዜ ውኃ ቀድታ ከምንጩ ስትመለስ አገኛት። ወጣት ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ቀይ መቀነት እንኳ አያስደነግጣትም።

«ጉልላት የለም?»

«ወሊሶ ወርዷል አያ ይገዙ።»

«ሲሄድ አየሽው?»

«ኧረ እኔ ሱባኤ ነበርኩ፣ ቀራኒዮ መድኃኔዓለም። ትናንት ነው የገባሁት። ወንድሙ ነው ሄደ ያለኝ።»

«በነሐሴ? አዋሽ ሞልቶ?»

«እኔስ ምን አልኩ! ጉልላት ይሙት፣ ልክ እንደርስዎ ነው ያልኩት። በቅሎዎቹ ሰበታ መስክ ላይ እየጋጡ፣ እሱ ምን ተሸክሞ ነው የሚነግደው? ጉልላት ይሙት፣ ይመለስ ብቻ! ጆሮውን ነው የማላቅቅለት።» ሳቀች።

«ወንድሙ ማነው?»

«በዛብህ ነዋ፣ እንጨት ፈላጩ። አያውቁትም? ከላይ፣ ከጌሾው ጋር ያለው ቤት የሱ ነው።»

«ጉልላት ነው ታላቁ?»

«አዎ።»

«ሌላ ወንድም አላቸው? ከነሱ በላይ የሆነ፣ የሞተ?»

«የምን ሌላ? እናታቸው እትዬ ጉዲቱ ሁለት ብቻ ወልዳ ነው ማኅፀኗ የተዘጋው። ምነው አያ ይገዙ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም። ውኃ ልስጥዎት?»

በቅል ሰጠችው። ሳይቀምሰው መለሰላት። በጆሮው የሚሰማው የበረንዳው ድምፅ ነበር፤ የታላቅ ወንድሜ አጥንት ይውጋኝ። ሰው በሕያው ሲምል ይሙት ይላል። አሁን አልማዜ ስትል እንደነበረው፣ ሁሉም በሚወደው ሰው ስም እንደሚለው። አጥንት የሚጠራው ለሞተ ሰው ነው። በዛብህ ያን ቀን ሬሳው ፊት ቆሞ መላሱ ከልቡ ቀድማ ተናገረች፤ ወልደጊዮርጊስም «ይምላል» ብሎ አሳለፈው።

በዛብህ በካፊያ ውስጥ ግንድ ይፈልጣል። ከቤቱ ውስጥ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«በርታ፣ በዛብህ።»

«ብርቱ ይሁኑ፣ አያ ይገዙ።»

«ጉልላት መቼ ይመለሳል?»

«ለመስቀል ይደርሳል።» መጥረቢያው ወጣ፣ ወረደ።

«ማልልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ወሊሶ ነው ብለህ። ጉልላት ይሙት በል።»

መጥረቢያው ግንዱ ላይ ተሰክቶ ቀረ። «ማርያምን ወሊሶ ነው።»

«ማርያምን ተዋት። ጉልላት ይሙት በል።»

«ሚካኤልን...»

«ሁለት ቃል ናት። ሚስቱ እንደ ዘፈን ስትደጋግማት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

የበዛብህ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ጉል...» አለ። ቃሉ አልወጣም።

«ሬሳው ፊት ግን አጥንቱን ጠራህ። በሕይወት ያለ ሰው አጥንቱ ይጠራል፣ በዛብህ?»

መጥረቢያውን ከግንዱ ሲነቅለው አልታየም። ይገዙ ወደ ጎን ባይል ራሱን ለሁለት ይከፍለው ነበር፤ ስለቱ ትከሻውን ልጦ አለፈ። ተያያዙ። ጭቃው ውስጥ ወደቁ። በዛብህ እንጨት ሲፈልጥ የኖረ ክንድ አለውና የይገዙን ጉሮሮ ሲያንቀው ሰማዩ ጠቆረበት። ይገዙ በጉልበቱ ብሽሽቱን መታው፣ ጠብመንጃውን አገኘ፣ በሰደፉ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። ጥርሶች ረገፉ። በዛብህ በጀርባው ተዘረጋ፣ እጁንም አላነሣም። ይገዙ ግን አላቆመም። ደግሞ መታው። ደግሞ። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማው። ከሰደፉ ሥር ያለው ፊት አንዴ የሀብተሥላሴ፣ አንዴ የዚያ የበቅሎ ሌባ እየሆነ ይመጣበታል፤ ይመታዋል።

«አባባ!» አለ ከቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ይገዙ ሰደፉን ከፍ እንዳደረገ ቆመ። ትከሻው መቃጠል የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በዛብህ ደምና ጥርስ ተፋ፤ ከዚያ ጭቃው ላይ እንደተጋደመ አወራው። «ምንሽር ጠብመንጃው የኔ ጣራ ውስጥ ነበር የተደበቀው። መጣና አወረደው። ልሄድ ነው አለኝ፣ ዱር ልገባ ነው። የሄደ ሰው ዘመድ ቤት ይቃጠላል አልኩት። ይቃጠል አለኝ። ይቃጠል! እሱ ልጅ የለው። እግሩ ላይ ወደቅሁ፣ አልፎኝ ወጣ። እስከ ባሕር ዛፉ ተከተልኩት። እየለመንኩት ነበር... መጥረቢያው በእጄ እንደነበረ እንኳ አላስታውስም።»

«ራሱን ለምን ቆረጥከው?»

«እንዳይታወቅ። ከታወቀ ለምን ሞተ ይባላል። ለምን ከተባለ ምንሽሩ ይመጣል።»

«የት ነው?»

«ጌሾው ሥር። አብረው ናቸው።»

ይገዙ ቆፈረ። መጀመሪያ ብረቱ ቀዘቀዘው፣ ቀጥሎ ጠጉር ነካ። ራሱን አውጥቶ ስልቻ ውስጥ ከተተው። ጠብመንጃውን እንዳለ ተወው፤ አፈሩን መለሰ፣ በእግሩ ረገጠው፣ የተፈለጠውን እንጨት ከምሮ ሸፈነው።

«ማሬሻሎው ፊት በድንበር ተጣላን ነው የምትለው። ገባህ? በድንበር።»

«ልጆቼስ?»

«እኔ ምንሽር አላየሁም።»

በዛብህ በተሰበረ አፉ እጁን ሊስም ጎተተው። ይገዙ እጁን ነጠቀውና አሰረው።

አልማዜ ጣቢያው ተጠርታ መጣች። ስልቻው ተከፈተ። «ጉልላት ይ...» አለች፤ ከልማዷ የወጣች ቃል ናት። ጨርሳ አልተናገረቻትም። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት ሁለቱን ነጭ ካራቢኔሪዎች ሳይቀር ከግቢው አስወጣቸው።

«ቡልቅባሺው እንዴት እንዳወቀ ጠይቀው» አለ ማሬሻሎው።

ይገዙ አስረዳ። ይሙት የሕያው ነው፣ አጥንት የሙት ነው። ወልደጊዮርጊስ ሊተረጉም ጀመረ፣ ተወ፣ እንደገና ጀመረ፤ አንገቱን አከከ። «በነሱ ቋንቋ ሁለቱም ጁሮ ነው» አለው ለይገዙ ዝቅ አድርጎ። «እምላለሁ ማለት ነው። ሌላ የለውም።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ ማሬሻሎው። ትከሻውን ሰበቀና መልሱን ሳይጠብቅ ገባ።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ በዛብህ ተሰቀለ። በድንበር ተጣላን ብሏል፣ ከዚያች አልወጣም። ገመዱ አጥሮ ነበርና ቶሎ አልሞተም፤ እግሩ ብዙ ጊዜ ንፋስ ሲረግጥ ቆየ። በመጨረሻ አንዱ ካራቢኔሪ ሰልችቶት እግሩን ይዞ ተንጠለጠለበት። ሰው በግድ እንዲያይ ታዞ አየ። የሳቀ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ይገዙ የሀብተሥላሴን ገመድ ፈታ። ሀብተሥላሴ ጀርባው ስለተላጠ ቀጥ ብሎ መቆም አልቻለም፤ በታሰረበት ግንድ ተደግፎ ተነሣ። በሩ ላይ ሊቀበሉት የመጡ ጎረቤቶች ቆመዋል፣ ሸማኔው ተክለሃይማኖትም አለ። ካሳነሽ ከነሱ ፊት ናት።

«ገዳዩን ያገኘው እሱ ነው ይላሉ» አለ ሀብተሥላሴ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። ከዚያ ወደ ይገዙ ዞረ። ዓይኑ ያው የበረንዳው ዓይን ነው። «ሌባ መያዝስ አወቅህ። ለማን እንደምትይዝ ነው የማታውቀው። ባንዳ!»

አንድ ሰው ከበሩ ወዲያ ሳቀ።

ካሳነሽ ደነገጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዓይኗን ይገዙ ላይ ተከለች። ማሬሻሎው በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጋራ ይለኩሳል፤ ቱርጁማኑም አጠገቡ ነው፣ የሚነገረውን ሁሉ ለመተርጎም የተዘጋጀ።

መልሱ በይገዙ አፍ ውስጥ ነበር። በጉ ነበረ፣ አመዱ ነበረ፣ ከጌሾው ሥር ያለው ብረት ነበረ። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ እንዲህ ያለ መልስ ይዞ አያውቅም።

የፈታውን ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለው፣ ቁስሉን ነካውና አነሣው፣ ወደ ሌላኛው ትከሻ አዞረው። ከዚያ በነሱ መካከል አልፎ በጭቃው ቁልቁል ሄደ።